«ወፈርሽ!»፦ ከአርባ ምንጭ እስከ ጨንቻ የሚሰማ ሰላምታ

ቅቤ የክብር ምልክት በሆነበት የጋሞ ደጋ ቤተሰብዎን ይዘው ሲዘዋወሩ፣ ስለ ውፍረት፣ ስለ ክሳትና ስለ ጤና ይዘውት የሚመለሱት ቁም ነገር አለ።

ወደ አርባ ምንጭ የሚጓዝ ቤተሰብ ዕቅዱ አብዛኛውን ጊዜ የታወቀ ነው። ጠዋት ጫሞ ላይ በጀልባ ወጥቶ አዞና ጉማሬ ማየት፣ ምሳ ላይ የአሳ ኮተሌት መብላት፣ ከሰዓት በኋላ ለከተማዋ ስም የሰጧትን ምንጮች መጎብኘት፣ አመሻሽ ላይ ደግሞ ከፍ ያለ ቦታ ተቀምጦ አባያንና ጫሞን፣ በመካከላቸውም «የእግዜር ድልድይ» የሚባለውን ሸንተረር ቁልቁል እያዩ ቡና መጠጣት። ይህን ሁሉ ያድርጉ፤ አይቆጩበትም።

አንድ ቀን መጨመር ከቻሉ ግን ወደ ላይ ይውጡ። ወደ ዶርዜና ወደ ጨንቻ። የቀርከሃ ቤቶቹንና የሸማኔዎቹን ጥበብ ለማየት ብቻ አይደለም። እኛ ከተሜዎች በየቀኑ የምንነጋገርበትን፣ የምንሳቀቅበትን፣ አንዳንዴም የምንታመምበትን አንድ ጉዳይ ከሥሩ ለማየት የሚመች ስፍራ ስለሆነ ነው። ጉዳዩ የሰውነት ክብደት ነው።

ከሩቅ አገር የመጣ ዘመድ ሲቀበሉ የሚሰማውን ቃል ያስታውሱ። «ወፈርሽ! እሰይ፣ ተመችቶሻል!» ወይም በተቃራኒው፣ «ምነው ከሳህ? አመመህ እንዴ?» በጋሞኛ ይባል በአማርኛ፣ በጨንቻ ገበያ ይባል በቦሌ አየር ማረፊያ፣ ትርጉሙ አንድ ነው። ሰላምታው ስለ ክብደት የሚያወራ ይምሰል እንጂ የሚጠይቀው ስለ ኑሮ ነው። ችግሩ የሚመጣው ኑሮው ተለውጦ ሰላምታው ሳይለወጥ ሲቀር ነው።

ከሙዙ ወደ እንሰቱ

አርባ ምንጭ ከባሕር ወለል በላይ 1300 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ፣ ሙዝ፣ ማንጎና ፓፓያ የሚበቅልባት ሞቃት ከተማ ናት። ከከተማዋ ወደ ሰሜን ወጥተው ወደ ተራራው ሲታጠፉ መንገዱ እየተጠማዘዘ ይወጣል። 37 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘው ጨንቻ ሲደርሱ ከፍታው ወደ 2700 ሜትር ተጠግቷል። የልጆች ጆሮ ይደፈናል፤ ከሻንጣው ሹራብ ይወጣል፤ ሙዙ በእንሰት፣ ግራሩ በቀርከሃ ይተካል። ልጆችዎ እንሰቱን አይተው «ይሄም ሙዝ ነው» ብለው ሊከራከሩዎት ይችላሉ። ዘመዳሞች ናቸውና አልተሳሳቱም፤ ልዩነቱ የእንሰት ምግብነቱ ከፍሬው ሳይሆን ከግንዱና ከሥሩ መሆኑ ነው።

ዛሬ ሁሉም ቤተሰብ ወደ ቆላው ይወርዳል እንጂ ቀድሞ ነገሩ እንዲህ አልነበረም። አርባ ምንጭ ከመቆርቆሯ በፊት የጋሞ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ ጨንቻ ነበረች። ቆላው የወባ አገር በመሆኑ ይፈራ ነበር። ወባ ደግሞ ሰውን አክስቶ፣ ፊቱን አገርጥቶ የሚያሳድር በሽታ ነው። ከቆላ ውሎ የተመለሰን ሰው ፊትና ትከሻ ዓይቶ «ምነው ከሳህ?» ማለት የወግ ጉዳይ ሳይሆን የጤና ምርመራ ነበር ማለት ይቻላል።

በመንገዱ ዳር የሚያዩትን ሰው ልብ ይበሉ። እንጨት በጀርባዋ አዝላ ዳገቱን የምትወጣ ሴት፣ ቀርከሃ ተሸክሞ የሚወርድ ወጣት፣ ወደ ገበያ የሚጣደፉ አዛውንት። እርስዎ በመኪና ሆነው ጉልበትዎ የሚዝለውን መንገድ እነሱ በሳምንት ብዙ ጊዜ በእግራቸው ይመላለሱበታል። በዚህ ደጋ በገበሬው መካከል ቦርጭ ያለው ሰው ፈልገው ለማግኘት ይቸገራሉ። ምክንያቱ ዳገቱና ሸክሙ ነው። የበሉትን ሁሉ መልሶ ይወስደዋል። እንዲህ ባለ አገር ላይ መወፈር ቀላል ነገር አይደለም። የወፈረ ሰው ወይ ብዙ አለው፣ ወይ የሚሠራለት ሰው አለው፣ ወይ በቅርቡ ደስ የሚል ነገር ገጥሞታል።

ቅቤው ምን ይናገራል?

ዶርዜ ሲደርሱ ወደ ቤት ያስገቡዎታል። የዝሆን ፊት የሚመስለው የቀርከሃ ቤት ውስጥ ሲገቡ ጨለማው እስኪለመድ ጥቂት ይታገሱ። ከዚያ እንሰት ሲፋቅ ያሳዩዎታል። ሥራው የሴቶች ነው። ግንዱ ተጋድሞ ይፋቃል፣ ሥሩ ይከተከታል፣ በቅጠል ተጠቅልሎ ጉድጓድ ይገባል፣ ሳምንታት፣ አልፎም ወራት ይብላላል። ከዚያ ቆጮ ሆኖ በምጣድ ይጋገራል። ከማርና ከዳጣ ጋር ቀርቦልዎት ልጆችዎ በማሩ፣ እርስዎ በዳጣው ይጣላሉ።

ቆጮ ኃይል ሰጪ ነው። ድርቅን ይቋቋማል፤ ጉድጓድ ውስጥ ቆይቶ ለክፉ ቀን ይደርሳል። በአገራችን 20 ሚሊዮን ገደማ ሰው በእንሰት ላይ የተመሠረተ ኑሮ አለው የሚባለውም ለዚህ ነው። ገንቢው ንጥረ ነገርና ስቡ ግን እጅግ ጥቂት ነው። ስለዚህ ማዕዱ የሚሟላው በጎመኑ፣ በባቄላው፣ በወተቱ፣ በአይቡና በቅቤው ነው። ከነዚህ ሁሉ ደግሞ ውዱና ብርቁ ቅቤው ነው።

እዚህ ላይ አንድ ሰንሰለት አለ፤ ለልጆችዎ ቢያስረዷቸው የሚወዱት ነው። እንሰት ያለ ፍግ አይጠግብም። ፍግ ያለ ላም አይገኝም። ላም ያለው ሰው ወተትና ቅቤ አለው፤ እንሰቱም ይወፍራል። ስለዚህ አንድ ቤት ቅቤ አለው ማለት ፍግ አለው ማለት ነው፤ ፍግ አለው ማለት ደግሞ እንሰቱ አይከዳውም፣ በክፉ ዓመትም ልጆቹ አይራቡም ማለት ነው።

በጋሞ ባህል በታላላቅ ቀናት ቅቤ አናት ላይ የሚደረገው ይህን ይዘን ስናየው ይገባናል። የማኅበረሰቡን ማዕረግ የተቀበሉ ሰዎች አናታቸው ላይ ቅቤ አድርገው በአደባባይ ይታያሉ። ፈረንሳዊው የሥነ ሰብእ ተመራማሪ ዳን ስፐርበር ከዶርዜዎች ጋር ኖሮ እ.ኤ.አ. በ1974 ባሳተመው መጽሐፉ በዚሁ የቅቤ ሥርዓት ላይ ብዙ ተመራምሯል። አዲስ ሙሽራም ሆነች አራስ ከቅቤው አይርቁም። አራሷ ከእንጨቱም ከውኃውም ሸክም ተገላግላ ገንፎዋን በቅቤ፣ አጥሚቷን በሙሉ ጣሳ እየጠጣች ትሰነብታለች። ዘጠኝ ወር ሙሉ ስትሸከም ለኖረች፣ ከወለደችም በኋላ ተመልሳ ለምትሸከም ሴት ያ ጊዜ ዕረፍትም መድኃኒትም ነው። ወፍራና ፊቷ አብርቶ ስትወጣ ሰው «እሰይ» ቢል ትክክል ነው። የወፈረችው ተንከባካቢ ስላገኘች ነው።

ይህ የጋሞ ብቻ እንዳልሆነ ያውቃሉ። ጎንደርም ጎጃምም፣ ወለጋም ጉራጌም አራስ እንዲሁ ትያዛለች። ከአርባ ምንጭ ወደ ደቡብ ምዕራብ ቢቀጥሉ ደግሞ በደቡብ ኦሞ የቦዲ ማኅበረሰብ ወጣቶች ለወራት በከብት ወተትና ደም ተቀልበው በውፍረታቸው የሚወዳደሩበት በዓል አለ። ከብት ሀብት በሆነበት፣ ረሀብም በማይረሳበት አገር ሁሉ ስብ በሰውነት ላይ የሚለበስ ጌጥ ነው።

ክሳት የሚያስፈራን ለምንድን ነው?

የውፍረት ክብር ሌላው ገጽታ የክሳት ፍርሃት ነው። ፍርሃቱም ያለ ምክንያት የመጣ አይደለም። የዚህ አገር ሰው 1966ን እና 1977ን ያውቃል። የሳንባ ነቀርሳን ያውቃል። የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕመምተኞች በ1978 ዓ.ም. ከታወቁ በኋላ ባሉት ዓመታት ደግሞ ክሳት ሌላ አስፈሪ ትርጉም አገኘ። ነፃ የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት በ1997 ዓ.ም. መሰጠት እስኪጀምር ድረስ፣ በደህና ቀን የቀጠነ ሰው እንኳ ከሰፈር ሐሜት አያመልጥም ነበር። በስፖርትና በአመጋገብ ክብደቷን የቀነሰች ሴት «ምን ነክቷት ነው?» ትባል ነበር። ያንን ዘመን ያሳለፈ ወላጅ ልጁ ሲከሳ ቢደነግጥ አይፈረድበትም።

ቁጥሩም ፍርሃቱን ይደግፈዋል። በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት መሠረት በመውለጃ ዕድሜ ካሉ የአገራችን ሴቶች ከ100 22ቱ ከሚገባው በታች ቀጭን ነበሩ። ከሚገባው በላይ የወፈሩት 8 ብቻ ነበሩ። ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት በታች ከሆኑ ሕፃናት ደግሞ ከ100 38ቱ በምግብ እጥረት የተነሳ ቁመታቸው ቀጭጮ ነበር። ስለዚህ በጨንቻ ዳገት ላይ ያለች እናት ሕፃኗ ጉንጩ ሲሞላ ደስ ቢላት፣ የሚያስፈልገውን ነገር በትክክል አውቃለች።

ከመጠን በላይ የወፈሩት 8ቱ ግን በአገሩ ላይ እኩል አልተበተኑም። በብዛት ያሉት ከተማ ውስጥ ነው። እርስዎና እኛ ባለንበት።

ሸማኔው ወደ ሽሮ ሜዳ ሲወርድ

የጋሞ ደጋ ሰው ለብዙ ዘመን ሲሰደድ ኖሯል። ከጨንቻና ከዶርዜ ወጥተው አዲስ አበባ ሽሮ ሜዳና አካባቢው የሰፈሩ ሸማኔዎች የበዓል ልብሳችንን ሲያለብሱን ኖረዋል። እርስዎም ለሠርግ የለበሱት ጥበብ ምናልባት ከእነሱ እጅ የወጣ ነው። ሸማኔ በጉድጓዱ አፋፍ ተቀምጦ በእጁ መወርወሪያውን፣ በእግሩ መርገጫውን እያንቀሳቀሰ ይውላል። ሥራው አድካሚ ነው፤ ነገር ግን ተቀምጦ የሚሠራ ነው። ደጋ ላይ ሳለ ከሽመናው በፊትና በኋላ እርሻ ነበረው፣ ዳገት ነበረው፣ የገበያ መንገድ ነበረው። ከተማ ሲገባ ሽመናው ብቻ ቀረ። ቆጮው በነጭ ዳቦ፣ ጎመኑ በፓስታ፣ ቦርዴው በለስላሳ መጠጥና በቢራ ተተካ።

መስከረም ሲጠባ ጋሞዎች «ዮ ማስቃላ» ብለው የሚያከብሩት የመስቀል በዓል ይደርሳል፤ የወጣው ሁሉ ወደ አገሩ ይመለሳል። በሬ ይታረዳል፣ ቅቤ ይቀልጣል። ከተማ ከርሞ ሆዱ ወጣ ብሎ የመጣውን ልጅ ቤተሰቡ ሲያየው ምን ይላል? «ተመችቶሃል!» በጋሞ ደጋ ዓይን ሲታይ እውነት ነው። ልጁ አልተራበም፣ አልታመመም፣ ለቤቱ ላከ፣ በሰላም ተመለሰ። ያው ሆድ በሐኪም ዓይን ሲታይ ግን የደም ግፊትና የስኳር በር ሊሆን ይችላል።

ይህን የሚያዩት ሽሮ ሜዳ ብቻ አይደለም። አርባ ምንጭ ከተማ ውስጥም ያዩታል። ከሲቀላ ወደ ሴቻ ያለውን ዳገት በእግሩ ይወጣ የነበረው ሰው ዛሬ ባጃጅ ይሳፈራል። ቆላው የራሱ ጥሩ ምግብ ነበረው። ከዱቄት ተድቦልቡሎ ከሽፈራው ቅጠል፣ በአካባቢው አጠራር ከሀለኮ ጋር የሚቀቀለው ኩርኩፋ ለሆድም ለኪስም የሚስማማ ነው። ልጆች ግን ከእሱ ይልቅ ጥብሳ ጥብሱን ይመርጣሉ። በጾም ቀንም ቢሆን «የጾም ነው» ተብሎ በዘይት የራሰ ምግብ ይበላል።

በ2007 ዓ.ም. በመላ አገሪቱ በተካሄደ ጥናት ከ100 አዋቂዎች 16ቱ ገደማ የደም ግፊት፣ 6ቱ ገደማ ደግሞ ከፍ ያለ የደም ስኳር ተገኝቶባቸዋል። ብዙዎቹ ሕክምና ላይ አልነበሩም። የሚያስገርመው፣ በዚያው ጥናት ከመጠን በላይ የወፈሩት ከ100 6 ያህል ብቻ ነበሩ። ግፊት ያለበት ሰው ቁጥር ከወፍራሙ ቁጥር ከእጥፍ በላይ ነው ማለት ነው። «እኔ ቀጭን ነኝ፣ ምን ይነካኛል?» የሚል አንባቢ ካለ ይህን ሁለት ጊዜ ያንብበው።

ቅቤው ባሕር ሲሻገር

ነገሩን ይበልጥ ግልጽ የሚያደርገው ከእኛ በፊት በዚሁ መንገድ ያለፉ ሰዎች ታሪክ ነው። ለምሳሌ ሕንዶች። በኢትዮጵያ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ያስተማሩትን ሕንዳውያን ወላጆቻችን ያስታውሷቸዋል። አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲም ብዙ ሕንዳውያን መምህራንን አስተናግዷል። በእነሱም አገር አራስ በቅቤ ትያዛለች፤ በፑንጃብ በነጠረ ቅቤ፣ በዱቄትና በለውዝ የሚሠራ የአራስ ምግብ አለ። ወፈር ያለን ሰው ደግሞ በአክብሮት «ከሚበላና ከሚጠጣ ቤት ነው» ይሉታል። እኛ «የጠገበ ቤት ልጅ» እንደምንለው መሆኑ ነው።

ከሕንድ፣ ከፓኪስታንና ከባንግላዴሽ ወደ ብሪታንያ የሄዱት ሰዎች ቅቤውንም አባባሉንም ይዘው ሄዱ። የእርሻው ድካምና የእግር መንገዱ ግን አብሯቸው አልሄደም። ከጊዜ በኋላ የስኳር በሽታና የልብ ሕመም ከነጮቹ ጎረቤቶቻቸው ይበልጥ፣ በለጋ ዕድሜም ያጠቃቸው ጀመር። ሐኪሞቹን ያስደነቃቸው ግን ብዙዎቹ በተለመደው መለኪያ ወፍራም አለመሆናቸው ነው። እጅና እግራቸው ቀጭን፣ ሚዛኑ ላይ ሲወጡ ደህና የሚመስሉ፣ ነገር ግን ሆዳቸው ውስጥ፣ በጉበታቸውና በአንጀታቸው ዙሪያ ስብ ያከማቹ ነበሩ። ይህ የሆድ ውስጥ ስብ ኢንሱሊን የተባለው ንጥረ ነገር ሥራውን በሚገባ እንዳይሠራ ያደርጋል፤ ስኳር በደም ውስጥ ይከማቻል።

በዚህ ምክንያት መለኪያው ራሱ ተሻሻለ። የሰውነት ክብደት መጠን የሚታወቀው ኪሎን በሜትር ለተለካ ቁመት ሁለት ጊዜ በማካፈል ነው። ቁመቱ 1.65 ሜትር፣ ክብደቱ 65 ኪሎ የሆነ ሰው ውጤቱ 23.9 ነው። በተለመደው መለኪያ ከ25 በታች ስለሆነ ደህና ይባላል። ለእስያውያን ግን የዓለም የጤና ድርጅት የባለሙያዎች ቡድን እ.ኤ.አ. በ2004 ከ23 ጀምሮ ጥንቃቄ እንዲደረግ፣ ከ27.5 ጀምሮ ደግሞ አደጋው ከፍ ያለ ተብሎ እንዲታይ ሐሳብ አቅርቧል። ያው ሰው ሕንዳዊ ቢሆን ኖሮ «ተጠንቀቅ» ይባል ነበር።

«እኛ ሕንዶች አይደለን» ይሉ ይሆናል። እንግዲያው የራሳችንን ወገኖች እንይ። በ1977 ዓ.ም. በሱዳን በኩል፣ በግንቦት 1983 ዓ.ም. ደግሞ በሁለት ቀን ውስጥ ከ14 ሺህ በላይ ሆነው በአውሮፕላን ወደ እስራኤል የተጓዙት ቤተ እስራኤላውያን አብዛኞቹ ከጎንደርና አካባቢው ገጠር የወጡ ነበሩ። ስኳር በሽታ በመካከላቸው እምብዛም የማይታወቅ ነበር። እስራኤል ገብተው ጥቂት ዓመታት ሲቆዩ በወጣቶቻቸው ላይ ሳይቀር ይታይ ጀመር። ሐኪሞች ጥናት ሲያደርጉም የኢትዮጵያ ተወላጆቹ ከሌላው ሕዝብ ባነሰ የሰውነት ክብደት ለስኳር እንደሚጋለጡ አረጋገጡ። ቀጭን ሆነው መጥተው ጥቂት ኪሎ ሲጨምሩ ቤተሰብ «ተመቻቸው» ሲል፣ ውስጣቸው ግን እየተቸገረ ነበር።

ሌላም ጎን አለ። በጎንደርና በጅማ ሆስፒታሎች የሠሩ ሐኪሞች በድህነት ያደጉ፣ እጅግ የከሱ፣ ኢንሱሊን የሚያስፈልጋቸው የገጠር የስኳር ሕሙማንን ሲያክሙ ኖረዋል። ዓለም አቀፉ የስኳር በሽታ ፌዴሬሽን ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘውን ስኳር ራሱን የቻለ 5ኛ ዓይነት አድርጎ የተቀበለው ገና በ2017 ዓ.ም. ነው። «ስኳር የሀብታም በሽታ ነው» የሚለው አባባል በሁለቱም በኩል ያሳስታል። ድሃውን ከሕክምና ያርቀዋል፤ ቀጭኑን የከተማ ሰው ደግሞ ያዘናጋዋል።

ነብሩ ይጾማል፤ ፍየሉ ግን ይጠበቃል

ከላይ ያነሳነው ስፐርበር ከዶርዜዎች የሰማው አንድ ነገር በዓለም ዙሪያ የታወቀ ምሳሌ ሆኗል። ዶርዜዎች ነብር ክርስቲያን ነው፣ ረቡዕና ዓርብም ይጾማል ይሉታል። ይህን የሚል ዶርዜ ግን ረቡዕና ዓርብ ከብቱን ሜዳ ላይ ጥሎ አይተኛም። እንደ ሌላው ቀን ሁሉ ይጠብቃል። እምነቱን አልካደም፤ ጥበቃውንም አላላላም።

ስለ ክብደት ያለን አስተሳሰብም እንዲህ ቢያዝ ምን አለበት? እናትዎ «ወፈርሽ፣ እሰይ!» ሲሉዎት ደስ ይበልዎት። ያልዎት «ተርበሽ አላየሁሽም፣ ተመስገን» ነው። ይህን ምርቃት ስለ ካሎሪ በማስረዳት አይመልሱት። ግን ደግሞ በሳምንቱ ግፊትዎን ይለኩ፣ ስኳርዎን ይመርመሩ። ምርቃቱና ምርመራው አይጣሉም።

በተለይ ዕድሜያቸው ለገፋ ወላጆችዎ ይህ የሕይወት ጉዳይ ነው። አባት ከደጋ ወይም ከገጠር ወደ ልጁ ቤት ሲመጣ ልጅ ወላጁን ማስደሰት ይፈልጋል። ከሶፋ አያስነሳውም፣ ከሥጋና ከቅቤ አያጎድልበትም፣ በመኪና ነው የሚወስደው የሚመልሰው። ፍቅር ነው። ነገር ግን ስድሳ ዓመት ሙሉ ዳገት የወጣ ሰውነት በአንድ ክረምት ሶፋ ላይ ሲውል ምን እንደሚሆን ማሰብ ያስፈልጋል። አዘውትሮ የሚጠማው፣ ሌሊት ለሽንት የሚነሳ፣ እግሩን የሚያቃጥለው አባት «እርጅና ነው» ተብሎ መታለፍ የለበትም። ሳይታወቅ የቆየ ስኳር ዓይንን፣ ኩላሊትንና እግርን ይጎዳል። በጊዜ ሲታወቅ ግን አብሮት ብዙ ዘመን መኖር ይቻላል። ሳይፈልግ በድንገት የሚከሳ ሰውም እንዲሁ ሐኪም ዘንድ መቅረብ አለበት፤ የአያቶቻችን ፍርሃት እዚህ ላይ ዛሬም ትክክል ነው።

ልጆችን በሚመለከት አንድ ነገር እንጨምር። አንዷን «ወፍራሟ»፣ አንዱን «ሲባጎው» ብሎ መጥራት ለእኛ ጨዋታ ነው፤ ለልጁ ግን ስም ሆኖ ይቀራል። በቤት ውስጥ ስለ ልጅዎ ክብደት ከማውራት ስለ ቤቱ ልማድ ያውሩ። ለስላሳ መጠጥ የበዓል ይሁን። እራት ከተበላ በኋላ ሁላችሁም ሰፈሩን በእግር ዙሩ። ሕፃን ከሆነ ደግሞ የጉንጩን መሙላት ብቻ አይመኑ፤ ክብደቱንና ቁመቱን በጤና ጣቢያው የዕድገት ካርድ ላይ ያስመዝግቡ።

ከዶርዜ ይዘውት የሚመለሱት መለኪያ

ዶርዜ ሲሄዱ ሴቶች ጥጥ ሲፈትሉ ያያሉ። ከተፈተለው ክር ጥቂት ይግዙ። ማታ ከቤተሰቡ አዋቂዎች ጋር ይህን ይሞክሩ። ክሩን ከራስ አናት እስከ እግር ጫማ በቁመትዎ ልክ ይለኩና ይቁረጡ። ከዚያ እኩል ለሁለት ያጥፉት። የታጠፈውን ክር በወገብዎ፣ ከእምብርት ከፍ ብሎ ያዙሩት። ሆድዎን አይሰብስቡ፤ ትንፋሽዎን እንደ ወትሮው ያስወጡ። የክሩ ጫፎች ከተገናኙ መልካም ነው፤ የወገብዎ ዙሪያ ከቁመትዎ ግማሽ አይበልጥም። ካልተገናኙ፣ ሚዛኑ ምንም ይበል ምን፣ ግፊትና ስኳር ለመመርመር በቂ ምክንያት ነው። በሜትር መለካት ከመረጡ ብዙ ጊዜ እንደ ድንበር የሚወሰደው ለሴት 80፣ ለወንድ 94 ሳንቲ ሜትር ነው።

ክሩ ለነፍሰ ጡርና ለአራስ አይሠራም። እነሱን ሐኪሙና ቅቤው ይንከባከቧቸው።

ለመንገድዎ

የዶርዜ ገበያ ሰኞና ሐሙስ፣ የጨንቻ ደግሞ ማክሰኞና ቅዳሜ ስለሚውል ጉዞዎን በዚያ ቀን ቢያደርጉ ጋቢውንም ሰዉንም በብዛት ያያሉ። ሰው ፎቶ ከማንሳትዎ በፊት ያስፈቅዱ። ለቆላው ቀለል ያለ ልብስ፣ ለደጋው ሹራብና የዝናብ ልብስ ይያዙ። አርባ ምንጭ ወባ ያለበት አካባቢ ስለሆነ በአጎበር ይደሩ። ጨንቻ በአፕሏ የታወቀች ናትና ለመንገድ ስንቅ ከብስኩት ይልቅ እሱን ይሸምቱ። ጉልበትዎ ከፈቀደ ደግሞ ከመኪናው ወርደው የተወሰነውን ዳገት ከልጆችዎ ጋር በእግርዎ ይውጡት። እንጨት አዝላ የምታልፍዎት ሴት ፈገግ ብላ ሰላም ትልዎታለች፤ በዚያ ዳገት ላይ ምን ያህል ጉልበት እንደሚያልቅ ለአንድ ሰዓት ያህል በራስዎ ሰውነት ያውቁታል።

መልካም ጉዞ!